ብዙ ቻይ፣ ጥቂት ሰሚ

«መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሰርካለም? ከቀየት እስከዚህ በዚህ ብርድ… ነይ፣ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ። ገብሱስ? እናንተ ዘንድ ውርጭ አልነካውም? እኛ ዘንድ የታችኛውን ማሳ ልሶት ሄደ፤ የላይኛውን ሚካኤል ጠበቀው። በጎቹ ወለዱ ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ። ጠጪ እንጂ። ጠላው ቀጠነ ብለሽ እኔን እንዳታሚኝ፤ የእፀገነት ነው።»

ደብሪቱ ይህን ያለችው እንደማንኛዋም አክስት ነው። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል፣ ቦታው ዘመሮ፣ የወሩ ተረኛ የእፀገነት ቤት ነው። ሃያ የሚሆን የማኅበር ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ቄሱ ባርከው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ወደ ሌላ ማኅበር ሄደዋል። ሰርካለም የደብሪቱ የእህት ልጅ ናት፤ ቀየት ተድራ ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ገና ዛሬ ብቅ ማለቷ ነው። ስለዚህ ያልሰማችው ወሬ ብዙ ነው፤ ደብሪቱም ለእሷ ስትነግር ማንም ነውር አይለውም።

ዓይኗ ሰርካለም ላይ ነው። ድምፅዋ ግን ከሰርካለም አልፎ ምሰሶው ሥር ካለው ባለመደገፊያ ወንበር እንዲደርስ ተመጥኗል። እዚያ ላይ የማኅበሩ ሙሴ ተቀምጧል፤ የማኅበሩ መሪ፣ የአባላቱን ጠብ ሰምቶ የሚያስታርቅ ማለት ነው። በሌላው ቀን ሱቅ አለው። ዘመሮ ገበያ ላይ ራዲዮ፣ ሞባይል፣ የባትሪ ድንጋይ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ደብሪቱ የዚያን ቀን ስሙን አንድ ጊዜም አልጠራችውም፤ እኔም አልጠራውም።

አንድ ነገር ይታወቅ። በዚህ ማኅበር በጽዋ ቀን የጠብ ቃል ክልክል ነው። የተናገረ ሰው ጧፍ ይዞ፣ በሁሉ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል። ደብሪቱ ደግሞ ለዚያ ሰው የመንበርከክ አሳብ የላትም። ወሬ ነው የምታወራው።

«ወንበሩን ነው የምታዪው? አዎ፣ ሰው ተለውጦበታል። አጎትሽ፣ ሽማግሌዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠውበት መደገፊያው ጀርባቸውን ለምዶት ነበር… ደህና ናቸው፣ ይመስገነው። ቤት ናቸው፣ ባናቸውን ይሸምናሉ። ኧረ አልታመሙም። ምን ያማቸዋል? ደነቆሩ ነው የተባለው እንጂ።»

ሰርካለም ወደ አፏ የወሰደችው ጣሳ መንገድ ላይ ቀረ። ምሰሶው ሥር ያለው ሰው ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ ያይ ጀመር።

«አትደንግጪ። በደንብ ተመርምረው ነው። ድሮ ሰው ጆሮውን ሲጠረጥር ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ዕድሜ ለሥልጣኔ፣ እዚሁ ገበያ መሐል ከቻርጀሩ ጎን ይመረመራል። አንድ ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ደግ ሰው ነው። የተማረ ነው፤ ካርቶን ያነባል።

«ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ አባሎቻችን፣ ተገኘና ፈንታ፣ በአንዲት በግ ተጣልተው ማኅበሩ ፊት ቀረቡ። አጎትሽ የፈንታን ቃል ‹ድገምልኝ› አሉት፤ ደገመ። ‹ድገምልኝ› አሉት፤ ደገመ። ሁለት ጊዜ፣ አላለፈም። የዚያን ዕለት ቤት ሲመጡ እህል አልቀመሱም። ‹ደብሪቱ፣ ጆሮዬ ከዳኝ መሰለኝ። ሳይሰሙ በሰው ነገር መፍረድ ኃጢአት ነው› አሉኝ። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ለነፍሳቸው የሚፈሩ ሰው ናቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ ፍርሃት ምን ይሠራል? ሞኝነት እኮ ነው…

«ታዲያ ወደዚያ ደግ ሰው ሄዱ። እሱም የጆሮ ማዳመጫ አወጣላቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን። ካርቶኑ ላይ በብር ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊ ዋት። ‹አባቴ› አላቸው፤ አባቴ ነው የሚላቸው፣ አስተዳደጉ ሸጋ ነው፤ ‹ሌላው ሃያ ነው፣ ሠላሳ ነው የሚለው። ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ዘመሮ ውስጥ የለም። በዚህ ያልሰማ ጆሮ በምንም አይሰማም። እሱን ያኔ እግዜር ነው የሚያውቀው።› እሳቸውም አመኑ። ለምን አያምኑ? እኛ የመንዝ ሰዎች ቁጥር በዛ ሲሉን ነገር የበዛ ይመስለናል። ኩንታሉ በዛ ማለት ገብሱ በዛ አይደል? ዋቱ በዛ ማለት ድምፁ በዛ ነው፣ በቃ። ከአነጋገር ይፈረዳል ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች፤ ካርቶን አላዩማ፣ ምን ያድርጉ!»

ከማዶ አንድ ሰው በሳል አስመስሎ ሳቀ። ደብሪቱ ዞር አላለችም። ጠላዋን ፉት አለች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ የምታወራው ስለ ገብስ ቢሆንም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

«ቤት አምጥተው በራዲዮናቸው ሰኩት። ራዲዮኗን ታውቂያታለሽ፤ በሁለት ድንጋይ የምትኖረዋን። መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ‹ምን ይሰማዎታል?› አልኳቸው። ‹ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ› አሉኝ። ጆሯቸው ላይ ጫን አደረጉት፣ ቀኙን ግራ አደረጉት… ያችው ዝንብ። ከዚያ አውልቀው፣ ሽቦውን በሥርዓት ጠቅልለው፣ ካርቶኑ ውስጥ መለሱት። ያን ሌሊት አልተኙም፤ እኔም አልተኛሁም።

«ለግንቦት ሚካኤል እዚሁ ማኅበር መሐል ተነሱና ‹ጆሮዬ አልቋል። ያልሰማሁትን ልፈርድ አልችልም› ብለው ከወንበሩ ወረዱ። ሰው ሁሉ እርስዎን የሚያህል ከየት እናመጣለን ብሎ ለመናቸው። ያን ጊዜ ያ ደግ ሰው አብሯቸው ቆመ። በችግር ቀን ከጎንሽ የሚቆም ሰው ማግኘት ቀላል ነው? ‹አታስቸግሯቸው፤ እኔ ራሴ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሞክሬያቸዋለሁ› ብሎ መሰከረላቸው። ልመናውም ቆመ። አዘነ፣ በጣም አዘነ። ወንበሩ ባዶውን ሲያድር ማየት አላስቻለውም መሰለኝ። ይመስገነው፣ ባዶውን አላደረም።»

እፀገነት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ለማን እንደምትቀዳ ጠፋት። ምሰሶው ሥር ያለው ሰው ጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ መንገድ ጥገና ወሬ ጀመረ፤ ጎኑ ያለው ሰው ግን ጆሮውን ለደብሪቱ ሰጥቶ ስለነበር ወሬው ሳይያዝ ወደቀ።

«እንግዲህ ክረምት ላይ የልጅ ልጄ ሰብለወንጌል ከደብረ ብርሃን መጣች። ቴክኒክና ሙያ ገብታ የኤሌክትሪክ ነገር ነው የምትማረው። ካርቶኑን አገላብጣ አየችና ሳቀች፤ አያቷን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። ‹አያቴ› አለችኝ፣ ‹ይኼ ትልቁ ቁጥር የሚያወጣው ድምፅ እኮ አይደለም። የሚችለው ነው። ይህን ያህል ኃይል ቢገባበት ሳይቃጠል ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ይቃጠላል ማለት ነው። የበቅሎ ጭነት በይው። አንድ ኩንታል ተኩል ስለቻለች ብቻ በቅሎ ፈጣን ናት ይባላል?› ኧረ ምን በወጣት፣ አልኳት። ‹ስለዚህ ከሥሯ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ነው ማየት› አለች። ሴንሲቲቪቲ ነው ምን ትለዋለች፣ አፌ አይይዘውም፤ አንቺ ንቃቱ በይው። በአንዲት ሚሊ ዋት፣ በቁንጥር ኃይል ሲነኩት ስንት ድምፅ ይሰጣል ነው ነገሩ። አንዷ በቅሎ በለሆሳስ ‹ሂጂ› ሲሏት ትነሳለች፤ ሌላዋ ልምጩ ተሰብሮባትም ትቆማለች። እሱን ነው የሚነግርሽ።

«ያ አንድ ሺህ ሁለት መቶው፣ ንቃቱ ሰማንያ ስምንት ዴሲቤል ነው። የሷ የራሷ ቀጭኗ ማዳመጫ፣ ኃይሏ ሃያ ብቻ የምትለዋ ደግሞ መቶ ስምንት። የሁለቱ ልዩነት ሃያ ነው፣ ምን አላት ብለሽ እንዳትንቂያት። በየአሥሩ አሥር እጥፍ ነው አለችኝ፤ በሃያው መቶ እጥፍ። ቀጭኗ በአንድ የምትሰጥሽን ድምፅ፣ ያ ወፍራሙ መቶ ካልጎረሰ አይሰጥሽም። የሽማግሌዬ ራዲዮ ከሁለት ድንጋይ ላይ መቶ ከየት ታምጣለት? ከጓሳ ታጭድለት?

«ቀጭኗን አያቷ ጆሮ ውስጥ ሻጥ አደረገችና ራዲዮውን ከፈተችላቸው። ሽመናቸው ላይ ነበሩ። ብድግ አሉ። ‹ቀንሺልኝ፣ ጮኸብኝ› አሉ፣ ሰርካለም። ቀነሰችላቸው። ትንሽ ሰሙና ‹ዜና የሚያነበው ሰው ጉንፋን ይዞታል› አሉ። ጉንፋኑን ሰሙ… መወርወሪያውን አስቀመጡ። በአርባ ዓመት ትዳር እንባቸውን ሳይ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው እናታቸው የሞቱ ለት ነው።»

ደብሪቱ ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አላሰበችውም ነበር፤ ከቤት ስትወጣ ፊቷ ሳይለወጥ ልትጨርሰው ለራሷ ምላ ነው የመጣችው። በራሷ ተናደደች። ጣሳዋን ወደ እፀገነት ዘርግታ አስሞላች።

«ምን እያልኩሽ ነበር… አዎ፣ ሰብሌ። ልጅቷ ጨዋ ናት። ሰው ሳይበዛ በማለዳ ሁለቱን ካርቶን ይዛ ወደዚያ ደግ ሰው ሱቅ ሄደች። ‹ጋሼ› ብላ፣ ቁጥር በቁጥር አስረዳችው። እውነት እላለሁ፣ ሐሜት አላውቅም፤ ወዲያው ነው የገባው። ፈጣን ነው። ቀድሞ አላወቀም ነበር፣ ባለማወቁስ ማን ይፈርድበታል? እኔስ መች አወቅኩ? ‹ገባኝ፣ ለሚካኤል እዚያው ማኅበሩ ፊት እናገራለሁ። አባቴን ራሴ እጠራቸዋለሁ› አላት። ነሐሴ ላይ ነው ይኼ። መስከረም ሚካኤል መጣ… ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ረሳው። ጥቅምት ሚካኤል መጣ… ዘነጋው። ዛሬ ኅዳር ነው። ሰው ስንቱን ያስታውሳል? ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ወንበርም ይሆናል።

«ግን ትምህርቱን ጨርሶ አልጣለውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ቀጭኗን ነው አሉ። ሃያዋን። ለራሱ ጆሮ ሲሆን ትንሿን ጽሑፍ አነበበ ማለት ነው። ለገበያ ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶውን ከፊት ደርድሮታል። አስተዋይ ነው፤ እኔ አስተዋይ ሰው ደስ ይለኛል።»

ሁሉም አየ። ከሙሴው ሸሚዝ ኮሌታ ሥር አንዲት ቀጭን ነጭ ሽቦ ወርዳ ነበር። ሰውየው ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ፤ ሽቦዋ ግን ከጋቢው ቀድማ ታይታለች።

«ፍርዱስ? ውይ፣ ፍርዱ ተሻሽሏል። አጎትሽ ያሰለቹ ነበር። ሰው ሁሉ ሆዱን ካልዘረገፈላቸው፣ የዝምተኛውን ቃል እየጎተቱ ካላወጡ አይነሱም። አሁን ግልግል ነው። ተገኘና ፈንታ ያቺው በግ እንደገና አጣልታቸው ቀረቡ፤ ተገኘ ተናገረ፣ ፈንታ አፉን ሲከፍት ‹በቃ፣ ገብቶኛል› ተባለ። የጠላው አረፋ ሳይተኛ ተፈረደ። ቀበሌው እንኳ ሰው ሲገመግም ቁጭ ብሎ ያስለፈልፋል፤ እኛ በልጠናል። ፈንታ ይኸው ዛሬ አልመጣም። ለበጓ አዝኖ ይሆናል፣ ሌላ ምን ምክንያት አለው?

«ሰብሌ ያን ስትነግረኝ ስለ ዕቃ የምታወራ መስሎኝ ነበር። እያደር ሳስበው ግን ሰውም እንደዚያው ነው። አጎትሽን ተመልከቺ፤ ምንም አይችሉም። አንዲት ነገር ካጠፉ እንቅልፍ ያጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ‹ድገምልኝ› በማለታቸው አፍረው ወንበር የለቀቁ ሰው። ሃያ ናቸው፣ ሃያ አይሞሉም። ሌላ ሰው ደግሞ አለ፣ እግዜር አብዝቶ የሰጠው። የሰው ዓይን ብትጭኝበት ይችላል። የሽማግሌ እንባ ብትጭኝበት ይችላል። የገባውን ቃል ሦስት ሚካኤል አሳድረሽ ብትጭኝበት… አይቃጠል፣ አይሞቅ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። እንዲህ ያለ ቻይ ሰው መንዝ አላበቀለም። በለሆሳስ ሲነግሩት ብቻ… እሱን ተዪው። ሁሉን ለአንድ ሰው አይሰጥም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ ቻይ ሆድ ግን ብቅሉንም ጠጥቶ ዝም ይላል።

«አጎትሽን ለምን አይመለሱም ትዪኛለሽ? የማኅበሩን ሕግ ረሳሽው እንዴ? በፈቃዱ ከወንበር የወረደ፣ ተቀማጩ በገዛ አፉ ካልጠራው አይመለስም። ማኅበሩ ቢለምን፣ እኔ ብለምን፣ ዋጋ የለውም። አንዲት ቃል ናት። ‹ይምጡ፣ ይሰማሉ› የምትል። ታዲያ ያችን ቃል ጉሮሮ ውስጥ ምን ያዛት ይሆን? ጉንፋን ይሆናል…

«የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ፣ ሰርካለም። ታኅሣሥ ሚካኤል እኔ ቤት ነው። ሽማግሌዬ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹የዚያን ቀን ከቤት አታገኚኝም። ጓሳ ዘመድ ዘንድ እውላለሁ። በገዛ ቤቴ ምሰሶ ሥር ሰው ሲፈርድ በር ላይ ቆሜ ዳቦ አላቀብልም› አሉኝ። በሰባ ዓመታቸው፣ በዚያ ብርድ፣ እንግዳ ገባ ብለው ከቤታቸው ሊወጡ። እሄዳለሁ ካሉ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ማኅበርተኛ እቀበላለሁ። ከመርዶ በምን ይለያል? …ምንም አይደለም። እንዲያው ወሬ ነው። ጠጪ፣ የኔ ልጅ።»

ከዚህ በኋላ ወሬ አልቀጠለም። እፀገነት ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ከመደቡ አነሳችው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ያለፈው ተረኛ ያስረክባል፣ መጪው ይቀበላል። የተቀበለው ጽዋውን እንደያዘ ይመርቃል፤ ምርቃቱን ሙሴው በዓይኑ ሳይሆን በአፉ፣ ጮክ ብሎ፣ መጀመሪያ «አሜን» ይለዋል፤ ሌላው ይከተላል። ሙሴው አሜን ያላለው ምርቃት መሬት እንደወደቀ ይቆጠራል፤ በዚህ ማኅበር ደግሞ መሬት የወደቀ ምርቃት ታይቶ አይታወቅም።

ደብሪቱ ተነሳች። ጽዋውን ተቀብላ ወደ ምሰሶው ዞረች፤ ዛሬ ገና ፊቱን አየችው። እሱም አያት። ይጠራቸው እንደሆን ትንሽ ጠበቀችው፤ ዘመድ የሚጠብቁትን ያህል ጠበቀችው። ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ሞባይሉን አየ፣ ከንፈሩ ተዘጋ። ደብሪቱ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ እውነተኛ ነበር፤ ከእንግዲህ የምትለምነው ነገር የላትም።

«የእፀገነትን ቤት ይባርክ፤ የለፋችበትን ይተካላት። የማኅበሩን ሰው ሁሉ የከርሞ ሰው ይበለን። …አንድ ሰው ይቀረኛል። ውለታው አለብኝና ሳልመርቀው ብቀመጥ ሚካኤል ይታዘበኛል። ስሙን ሚካኤል ያውቀዋል፤ እኔ አልደክምም። በክንፉ ይጋርደው። ሱቁ ይሙላ፣ ደጁ ይሙላ። የልጅ ልጅ ይይ። ዕድሜ ይስጠው፣ አደራ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ጠጉሩ እስኪነጣ፣ ጆሮው እስኪከብድ ድረስ። ያን ጊዜ፣ የልጅ ልጆቹ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ ድምፃቸው አልመጣለት ሲል፣ ሚስቱ እንቅልፍ አጥታ ስታድርለት፣ ብቻውን አይተወው። ከሰው ሁሉ መርጦ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ አዛኝ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ቃሉን አክባሪ ነጋዴ ይዘዝለት።»